ከሕያው ዕፅ እስከ አርማ፦ የዕፀዋት ተምሳሌትነት በጉለሌ፣ ከአየርላንድ የቤተሰብ አርማ ጋር በንጽጽር

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጥናት በሰሜን አዲስ አበባ በጉለሌና በአካባቢዋ ዕፀዋት የወገንነት ምልክት ሆነው የሚያገለግሉበትን መንገድ ይመረምራል። ለንጽጽር የተመረጠው የአየርላንድ የቤተሰብ አርማ ነው። በአየርላንድ አርማ ምልክቱ በጋሻ ላይ የተሣለ ዕፅ ሲሆን፣ ባለቤትነቱም በሕግ የተወሰነ ነው። በጉለሌ ግን ምልክቱ ለረጅም ዘመን ራሱ ሕያው ዕፁ ነበር፤ በእጅ ይያዛል፣ በወለል ይጎዘጎዛል፣ በጥላው ሥር ይፈረዳል። በሰንደቅ ዓላማና በልብስ ላይ መሣል የጀመረው በቅርብ ዘመን ነው። የጥናቱ መከራከሪያ ምልክቱ ከሕያው ዕፅ ወደ ሥዕል ሲሻገር ዕፁ ራሱ እንዳይዘነጋ፣ የትኛው ዕፅ በየትኛው ስም እንደሚጠራ ከወዲሁ መመዝገብ ይገባል የሚል ነው።

1. መግቢያ

የኢትዮጵያ ነገሥታት ምልክት በዋናነት እንስሳ ነበር። ሞዓ አንበሳ በማኅተም፣ በሰንደቅ ዓላማና በገንዘብ ላይ ሲታይ ኖሯል። ይህ ምልክት የዘውዱ እንጂ የየቤተሰቡ አልነበረም። በአውሮፓ እንደታየው እያንዳንዱ የመኳንንት ቤት የራሱን ጋሻ አስሎ ለልጅ ልጅ የሚያወርስበት ሥርዓት በኢትዮጵያ ሥር አልሰደደም።

ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ በስም አወጣጥ ላይ ይገኛል። ኢትዮጵያዊ በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል እንጂ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይለወጥ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም የለውም። የአባት ስም በልጅ ልጅ ዘመን አያት ሆኖ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሌላ ስም ይተካዋል። የቤተሰብ አርማ የሚንጠለጠልበት ቋሚ ስም በሌለበት አርማው የሚጸናበት ቦታ አያገኝም።

ዕፅ ግን በሌላ በር ገብቷል። አበበ፣ አበባ፣ ጽጌ፣ አደይ የሚሉ ስሞች በየቤቱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የራሱ ስም በአማርኛ ማበብን፣ የአባቱ ስም በአፋን ኦሮሞ መብቀልን ያመለክታል። በአንድ ሰው መጠሪያ ውስጥ ሁለት ቋንቋዎች ስለ አንድ ነገር ይናገራሉ። በታላቅ ሰው ሞት ጊዜ «ዋርካው ወደቀ» ማለትም የዚሁ ልማድ ክፍል ነው፤ ሰውየው በዛፍ የሚመሰለው ብዙዎችን በጥላው ሥር ስላኖረ ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ የዕፅ ተምሳሌትነት አልጎደለም፤ የተለየው መኖሪያው ነው።

2. የንጽጽሩ መነሻ፦ ዛፉና ጋሻው በአየርላንድ

በአየርላንድ የአርማ ጉዳይ የሚመራው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። በደብሊን የአርማ ሹም የተሾመው እ.ኤ.አ. በ1552 በእንግሊዝ ዘውድ ሥልጣን ሲሆን፣ ኃላፊነቱ ለአየርላንድ መንግሥት የተላለፈው በ1943 ነው። በአርማ ሕግ መሠረት አርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰውና ለሕጋዊ ወራሾቹ ነው፤ ያንኑ ስም የያዘ ሁሉ ባለ አርማ አይሆንም።

ከታወቁት የዕፅ አርማዎች አንዱ የኦኮነር ዶን ቤት አርማ ነው። የኮናክት ነገሥታት ዘር የሆነው ይህ ቤት በነጭ መደብ ላይ አረንጓዴ የባሉጥ ዛፍ ይዟል። የዛፉ ክብር ከጋሻው ይቀድማል። በጥንታዊት አየርላንድ ንጉሥ ሥልጣኑን የሚረከበው «ቢሌ» በተባለ የተከበረ ዛፍ አጠገብ ነበር። በማግ አዳይር የነበረው የዳል ጋሽ ነገሥታት ዛፍ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ በተቀናቃኝ ንጉሥ እንደተቆረጠ የሀገሩ ዜና መዋዕሎች ዘግበዋል። ድርጊቱ እንጨት ፍለጋ አልነበረም፤ ዛፉን መቁረጥ የሕዝቡን ሥልጣን መዳፈር ነበር። አርማው በጋሻ ላይ የተሣለው ይህ ልማድ ካለፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። የቦታ ስሞችም ትዝታውን ይዘዋል፤ ዴሪ የባሉጥ ደን፣ ኪልዴር የባሉጥ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው።

ከባሉጥ ይልቅ በዓለም የታወቀው ሻምሮክ ነው። ቃሉ በአይሪሽ ቋንቋ ትንሽ ማገጥ ማለት ሲሆን፣ በአርማ ሥዕል ሦስት ቅጠል ያለው ቅርጽ ሆኖ ይታያል። ከባሉጡ የሚለየው የአንድ ቤት ንብረት ባለመሆኑ ነው። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ1801 ከብሪታንያ ጋር በተዋሐደች ጊዜ ከእንግሊዝ ጽጌረዳና ከስኮትላንድ እሾኽ ጎን የገባው እሱ ነው፤ ነጻነት የጠየቁ ወገኖችም ይህንኑ ቅጠል በደረታቸው ሰክተዋል። ስለዚህ በአየርላንድ ሁለት ዓይነት የዕፅ ምልክት ይገኛል፦ በሕግ የአንድ ቤት የሆነ፣ እና በልማድ የሁሉም የሆነ። ይህ ልዩነት የጉለሌን ሁኔታ ለማየት ጠቃሚ መነጽር ነው።

3. ጎሳ፣ ዛፍና ጨፌ

ጉለሌ ከክፍለ ከተማ ስምነቱ በፊት የጎሳ ስም ነው። የቱለማ ኦሮሞ ክፍል የሆነው የጉለሌ ጎሳ ከኤካና ከገላን ጎሳዎች ጋር በፊንፊኔ ዙሪያ ይኖር ነበር። የካ የሚለው የክፍለ ከተማ ስምም ከኤካ የመጣ ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውኃው አጠገብ ለተቆረቆረው መንደር አዲስ አበባ የሚለውን ስም ከሰጡና ከተማው እየሰፋ ከሄደ በኋላ የጎሳው አሰፋፈር ተበታተነ፤ ስሙ ግን በመሬቱ ላይ ቀረ። በአየርላንድ የጎሳ ስም ወደ ቤተሰብ ስም ተለውጦ ከሰው ጋር ሲጓዝ፣ እዚህ የጎሳ ስም ወደ ሰፈር ስም ተለውጦ ከቦታው ጋር ጸንቷል።

የቱለማ ኦሮሞ ታላቁ የጉባኤ ዛፍ ኦዳ ነቤ ሲሆን፣ የሚገኘው በዱከም አቅራቢያ ነው። ኦዳ የሾላ ዛፍ ነው። የገዳ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ሲተላለፍ ሕግ የሚነገረውና የሚታደሰው በእንዲህ ያለ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። ኦዳ ከአየርላንዱ ቢሌ ጋር የሚመሳሰለው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም ሥልጣን በአደባባይ፣ በሕያው ዛፍ ምስክርነት የሚጸናባቸው ስፍራዎች ናቸው። ልዩነታቸው ቢሌ ንጉሥ የሚነግሥበት ሲሆን፣ ኦዳ ሥልጣን በጊዜ ገደብ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍበት መሆኑ ነው።

ከዛፉ ጋር የሜዳው ሣርም ተምሳሌት ነው። ጨፌ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ርጥበት ያለውን ለምለም ሣር የበቀለበትን መስክ ያመለክታል። በገዳ ሥርዓት ሕግ አውጪው ጉባኤ በዚሁ ስም ተጠርቷል፤ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ዛሬም ጨፌ ኦሮሚያ ይባላል። አንድ የመንግሥት አካል ስሙን ከመስክ ሲወስድ፣ ሕግ እንደ ሣሩ ለምለም፣ መቀመጫውም ለሁሉም ክፍት እንዲሆን የተመኙትን ሰዎች አሳብ ይዞ ይጓዛል።

ለቤተሰብ አርማ ከሁሉ የሚቀርበው የዕፅ ምልክት ግን ሲንቄ ነው። ሲንቄ ሙሽራ በሠርጓ ዕለት ከእናቷ የምትቀበለው ስስ በትር ሲሆን፣ በልማድ ሃሮሬሳ ከተባለ ዕፅ ይቆረጣል። በትሩን የያዘች ሴት አትደፈርም፤ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ከወጡ የተጣሉ ወገኖች መካከል ገብተው ጠብ ያበርዳሉ። እንደ አርማ ሁሉ ሲንቄ የመብት ማስረጃ ነው፤ ነገር ግን የሚተላለፈው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ሳይሆን ከእናት ወደ ሴት ልጅ ነው።

4. አበባውና ሣሩ፦ የጋራ ምልክቶች

በመስከረም የእንጦጦ ተዳፋት በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል። ይህ አበባ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት በዓላትን ያገለግላል። በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች ይዘውት በየደጁ ይዘፍናሉ። በመስቀል የደመራው ጫፍ በእሱ ያጌጣል። በእሬቻ ደግሞ ኬሎ በሚለው የኦሮምኛ ስሙ ከርጥብ ሣር ጋር ታስሮ ወደ ውኃ ዳር ይወሰዳል። የእሬቻ በዓል ከረጅም ዘመን በኋላ መስከረም 24 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሆራ ፊንፊኔ ሲከበር፣ ከጥቂት ቀናት በፊት በደመራው ላይ የታየው ቢጫ አበባ በሌሎች እጆች እንደገና ታየ።

የአበባው ትርጉም በሦስቱ በዓላት አንድ ዓይነት አይደለም። በእንቁጣጣሽ የአዲስ ዘመን ብሥራት ነው። በመስቀል ከመስቀሉ መገኘት ደስታ ጋር ይያያዛል። በእሬቻ የዝናቡን ወራት ላሻገረው ዋቃ የሚቀርብ ምስጋና ነው። ሦስቱንም የሚያገናኘው የዕፁ ጠባይ ነው፤ ክረምቱ ሲያበቃ ያብባል፣ ብዙም ሳይቆይ ይረግፋል። ጊዜውን ጠብቆ ስለሚመጣ የዘመን መቁጠሪያ ሆነ፤ በሁሉም መስክ ስለሚበቅል ማንም ብቻውን ሊይዘው አልቻለም።

ሣሩም እንዲሁ ነው። በእሬቻ የሚያዘው ርጥብ ሣር የሰላምና የልመና ምልክት ነው፤ የኦሮሞ ሽማግሌዎች ሲመርቁና ሲያስታርቁ ርጥብ ሣር ይይዛሉ። በአማራው ቤት በዓል ሲሆን ወይም ቡና ሲፈላ ቀጠማ ይጎዘጎዛል። ሁለቱ ልማዶች የተለያየ ታሪክ አላቸው፤ ሆኖም የሚናገሩት ተቀራራቢ ነው። ለምለም ነገር በእጅ የያዘ ወይም በወለሉ ያነጠፈ ሰው ክፉ አላሰበም፤ እንግዳውን በክብር ይቀበላል።

በዚህ ረገድ አደይ አበባና ሣሩ ከኦኮነር ባሉጥ ይልቅ ለሻምሮክ ይቀርባሉ። ባለቤት የላቸውም፤ ሁሉም ከሜዳ ለቅሞ ይይዛቸዋል።

5. ሥዕሉ ሲመጣ፦ ሰንደቅ ዓላማና ጥለት

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ክልሎች ሲዋቀሩ ኦዳ ከጉባኤ ስፍራነቱ በተጨማሪ የመንግሥት ምልክት ሆነ። የኦሮሚያ ሰንደቅ ዓላማ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ አግድም መደቦች ሲኖሩት በመካከሉ የኦዳ ዛፍ ተሥሏል። ይህ በአርማ ጥበብ ቋንቋ ትልቅ ሽግግር ነው። ቀድሞ ኦዳን ለማየት ወደ ኦዳ መሄድ ያስፈልግ ነበር፤ አሁን ኦዳው ወደ ሰዉ ይመጣል።

ሽግግሩ ምልክቱን ያሰፋዋል፤ ለክርክርም ያጋልጠዋል። በ2015 ዓ.ም. የክልሉ ሰንደቅ ዓላማ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች መሰቀሉና መዝሙሩ መዘመሩ ተቃውሞና ግጭት ባስከተለ ጊዜ፣ የክርክሩ ጭብጥ የከተማዋና የክልሉ ግንኙነት እንጂ ዛፉ አልነበረም። ሥዕሉ ግን የክርክሩ መያዣ ሆነ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር አደይ አበባ በሁሉም ወገን እጅ ነበር። ሁለቱን ሁኔታዎች ጎን ለጎን ማየት አንድ ጠቃሚ ነገር ያስገነዝባል፦ ሕያው ዕፅ ብዙ ትርጉሞችን ሳያጋጭ ሊሸከም ይችላል፤ በሕግ የተወሰነ ሥዕል ግን ባለቤቱን ይናገራልና «የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ አብሮ ያመጣል። ይህ የኦዳ ብቻ ዕጣ አይደለም፤ አርማ የሆነ ምልክት ሁሉ ይህን ይጋራል።

ከመንግሥት አርማ ውጭም ዕፁ በልብስ ላይ ይሣላል። በጉለሌ የሚገኘው ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ገበያ በስፋት የታወቀ ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው በዚህ አካባቢ ለትውልዶች ሲሸምኑ ኖረዋል። በእንቁጣጣሽ ሰሞን ቢጫ ጥለት፣ በእሬቻ ሰሞን የኦዳ ምስል ያለበት ልብስ በአንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለው ይታያሉ። ልብሱን የሸመነው፣ የሸጠውና የሚለብሰው ሰው ከአንድ ወገን ላይሆን ይችላል። አየርላንድ ውስጥ አንዱ የሌላውን አርማ ቢይዝ የሕግ ጥያቄ ይነሣል፤ በሽሮ ሜዳ ግን ምልክቱን የሚያገኘው የገዛ ሁሉ ነው። ገበያው ከሕግ ይልቅ ለሻምሮክ መንገድ ያደላል።

6. አርማ ያልሆነው ዛፍ

በጉለሌ በብዛት የሚታየው ዛፍ ከላይ ከተጠቀሱት አንዱም አይደለም። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከባሕር ማዶ መጥቶ የእንጦጦን ተራራ ሸፈነ። የሀገሩ ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተመናምነው ነበርና ፈጥኖ የሚያድገው ዛፍ ዋና ከተማዋን ከእንጨት እጥረት ታደጋት። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ መውረድ የከተማዋ የዕለት ተዕለት ገጽታ ሆኖ ቆይቷል።

ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍ በሰንደቅ ላይ አልተሣለም፤ የምርቃት ቅጠልም አልሆነም። ስሙ ራሱ እንግድነቱን ይመሰክራል። ይህ የሚያሳየው የዕፅ ተምሳሌትነት ከጥቅም ብዛት በቀጥታ የማይመነጭ መሆኑን ነው። ምልክት የሚሆነው ሰዎች አብረው የቆሙበት፣ የማሉበት ወይም ያመሰገኑበት ዕፅ ነው። አገልግሎት ብቻውን አርማ አያወጣም።

7. ስምና ዕፅ፦ የምዝገባ ጥያቄ

ተምሳሌታዊ ዕፅን የሚያጠና ተመራማሪ የሚገጥመው ዋና ችግር ስሙ አንድ፣ ዕፁ ብዙ መሆኑ ነው። አደይ አበባ በሚለው ስም የሚጠሩት የቢደንስ ወገን ዕፀዋት ከአንድ በላይ ናቸው፤ ቢደንስ ማክሮፕቴራ፣ ቢደንስ ፓኪሎማና ቢደንስ ፕረስቲናሪያ ከእነዚሁ ውስጥ ይገኛሉ። በእሬቻ የሚያዘው ሣር ጮቆርሳ ሲባል፣ ስሙ በአንዱ አካባቢ ሰርዶን፣ በሌላው አክርማን ሊያመለክት ይችላል። ለባለ በዓሉ ይህ ልዩነት አያስጨንቅም። ለጥበቃ ሥራ ግን ወሳኝ ነው፤ አንዱ ዝርያ ከአካባቢው ሲጠፋ ሌላው በስሙ ስለሚተካ መጥፋቱን ማንም ሳያስተውል ያልፋል።

አየርላንዶች ይኸው ጥያቄ ገጥሟቸው ነበር። ሻምሮክ በእርግጥ የትኛው ዕፅ ነው? ናትናኤል ኮልጋን የተባለ የዕፀዋት አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1893 ከልዩ ልዩ አውራጃዎች ሰዎች እውነተኛ ሻምሮክ የሚሉትን ዕፅ ከነሥሩ እንዲልኩለት ጠየቀ፤ ተክሎም እስኪያብብ ጠበቀ። ቻርልስ ኔልሰን በ1988 ጥናቱን ደገመው። በሁለቱም ጊዜ ብዙዎች የላኩት ቢጫ አበባ ያለውን ትንሹን ማገጥ ሲሆን፣ ሁለተኛ የሆነው ነጭ አበባ ያለው ማገጥ ነበር፤ ከማገጥ ወገን ያልሆነ ዕፅ የላኩም ነበሩ። ስለዚህ ሻምሮክ የአንድ ዝርያ ስም ሳይሆን የአንድ ልማድ ስም መሆኑ በማስረጃ ታወቀ፤ ከ95 ዓመት በኋላ የተደገመው ጥናትም ልማዱ ብዙ እንዳልተለወጠ ለማወቅ አስቻለ።

ይህ ዘዴ በጉለሌ ያለ ብዙ ወጪ ሊሠራበት ይችላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሰፊ መሬት ይዞ በዚያው ይገኛል። የዩኒቨርሲቲው ብሔራዊ ሀርባሪየም የደረቁ ናሙናዎችን ይይዛል። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 በተከናወነው ሥራ በ8 ቅጾች የተዘጋጀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍም ለዝርያ መለያ ዝግጁ ነው። የጎደለው በበዓል ቀን የተያዘውን ዕፅ ከያዘው ሰው ቃል ጋር ማገናኘት ነው።

ለዚህ ሦስት ነገሮች ይበቃሉ። አንደኛ፣ በእንቁጣጣሽ፣ በመስቀልና በእሬቻ ሰሞን ከገበያና ከበዓል ስፍራ ናሙና መውሰድና የተለቀመበትን ቦታ መጠየቅ። ሁለተኛ፣ ዕፁ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በጋሞኛ የሚጠራበትን ስምና የሚሰጠውን ትርጉም በተናጋሪው አነጋገር መመዝገብ። ሦስተኛ፣ ጥናቱን በተወሰነ ዘመን ልዩነት መድገም፤ የአንድ ጊዜ መዝገብ ሁኔታን ሲያሳይ፣ የተደገመ መዝገብ ለውጥን ያሳያል።

8. ማጠቃለያ

የአየርላንድ የቤተሰብ አርማና የጉለሌ የዕፅ ተምሳሌትነት መነሻቸው ተቀራራቢ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ ሥልጣንና ቃል ኪዳን በሕያው ዛፍ ፊት ይጸኑ ነበር። በአየርላንድ ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ሥዕሉ በጋሻ ላይ ጸና፤ የቤተሰብ ስምም ተሸከመው። በጉለሌ የሚጸና የቤተሰብ ስም ስላልነበረ ዕፁ በበዓል፣ በበትርና በጉባኤ ስፍራ ሕያው ሆኖ ቆየ። ሰንደቅ ዓላማና የልብስ ጥለት የመጡት ዘግይተው ነው፤ ሽግግሩም ገና አላበቃም።

የጉለሌ ልዩ ዕድል እዚህ ላይ ነው። ሥዕሉ እየተስፋፋ ሳለ ዕፁ ከዓይን አልራቀም፤ ትርጉሙን የሚያውቁ ሽማግሌዎችና እናቶችም አሉ። ነገር ግን ቀጠማ የሚበቅልበት ጨፌ ቤት ሲሠራበት፣ አደይ የሚፈካበት ተዳፋት ሲታጠር፣ ምልክቱ ከሩቅ ገዝተው የሚያመጡት ዕቃ ይሆናል። ጨፌው የጠፋበት ከተማ የጨፌን ትርጉም ለልጆቹ ማስረዳት ይከብደዋል። ስለዚህ ምዝገባው የቅርስም የዕፀዋት ጥበቃም ሥራ ነው፤ ሁለቱ የትምህርት ዘርፎች በአንድ ሜዳ ላይ ቢገናኙ የሚሻለውም አበባው ከነትርጉሙ በእጅ በሚገኝበት በአሁኑ ጊዜ ነው።